«ምንም አይጎድላቸውም» ያለው ደብዳቤ

ልጄ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብላ የተነሣችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስለ ትምህርት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ስልኳን ዘረጋችልኝና «እማ፣ ተቀብለውኛል። ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየሄድኩ ነው የምማረው» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ዩኒቨርሲቲው የጻፈውን አነበብኩ። ክፍያው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ ቦታው ለሌላ አመልካች ይሰጣል ይላል።

በደሞዟ የሚቻል አልነበረም። መሥሪያ ቤቷ ዘንድሮ የሚያስተምረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተመርጦ አልቋል። በስልኳ የምታገኛቸው የነፃ ትምህርት ዕድሎች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ዕድሜ ይጠይቃሉ። ለምሳ ስትመጣ ታነብልኝ ነበር።

«ይኸው፣ ይኼም ከሠላሳ አምስት ያልበለጠች ይላል። ጥፋቱ ያንቺ ነው እማ፣ ቸኩለሽ ወለድሽኝ።»

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ ወደ ትምህርት ለሚመለሱ ሴቶች ክፍያ የሚሸፍን ማኅበር ደሴ ውስጥ እንዳለ ነገረቻት። ማኅበሩ ዕድሜ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ ለትምህርቱ እንደማይበቃ ሦስት ጎረቤቶች መስክረው የሚጻፍ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በታይፕ ጸሐፊነት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ስንት ጊዜ መትቻለሁ። «ይኼማ ቀላል ነው» አልኳት።

ቤታችንን የሚያይ ሰው ከቀበሌ ሊመጣ መሆኑን ጎረቤቴ ሰማች። አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ነን። በዋዜማው የራሷን ምንጣፍ ጠቅልላ፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጣች።

«የመንግሥት ሰው በዚህ ሰሌን ላይ ልታስቀምጪ ነው? አታዋርጅን እንጂ!»

ሰሌኑን አንሥተን ምንጣፉን ዘረጋነው። ለእንግዳ የማስቀምጣቸውን ብርጭቆዎች አጠብኩ። የቀረችኝን አንዲት ዶሮም አሳረድኩ።

የመጣው ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነው። «አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ፣ እናቴ?» ብሎ ገባ። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። አቀረብኩለት፤ በላ፤ መረቀ። ከዚያ ደብተሩን ከፈተ።

«ኑሮ እንዴት ነው?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«የሚጎድል ነገር አለ?»

«አላህ ይመስገን፣ ምን ይጎድላል?»

ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። ለምን እንደመጣ ጠፍቶኝ አይደለም። እኛ ዘንድ የቤት ጉድለት ለእንግዳ አይነገርም። እንግዳ በልቶ፣ ቤቱ ሙሉ ነው ብሎ ይወጣል እንጂ። ዕድሜ ልኬን ስመልሰው የኖርኩት መልስ ነው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ምስክሮቹን ደጃፍ ላይ አናገራቸው። ጎረቤቴ፣ የሱቁ ባለቤትና የሰፈራችን ሸህ ናቸው። የጎረቤቴ ድምፅ ውስጥ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

«የዚህ ቤት ሰዎች? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት ተርቦ የወጣ የለም!»

ባለሱቁ በሷ ላይ ጨመረበት። ሸሁም «የተከበረ ቤት ነው። ለሰው ይተርፋሉ» አሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤው ሲደርስ ልጄ በሩ ላይ እንደቆመች አነበበችው። «ኑሯቸው የተሟላ፣ ምንም የማይጎድላቸውና ለሌላው የሚተርፉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል። ማኅተሙ ደምቆ ወጥቷል። መጀመሪያ ሳቀች።

«እማ፣ ምን አበላሽው?»

«ዶሮ።»

«የትኛዋን ዶሮ?»

ወደ ባዶው ቆጥ አየሁ። እሷም ሳቋን አቆመች። ሰባት ቀን ነበር የቀራት። «ይቅር በቃ። ጊዜውም አልፎብኛል» አለችና የሥራ ልብሷን ልታጥብ ወጣች። አልተቆጣችኝም። ምሳ ላይ ስልኳን መክፈት ግን ተወች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«እናቴ፣ እኔ የጨመርኩት ቃል የለም። ከአንቱ ጀምሮ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት። ይቀየር ካሉ ሦስቱም እዚህ መጥተው ቃላቸውን ያርሙ።»

ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

«ሰው ፊት ቆሜ ድሃ ናት ልበልሽ?» አለች። «ምላሴን ይቁረጠው! ጠላትሽ ይበለው እንጂ!»

«ለልጅቷ ትምህርት እኮ ነው።»

«ለትምህርቷ ዱዓ አደርጋለሁ። ይኼን ግን አትዘዢኝ።»

ሸሁ በዕድሜ ይበልጡኛል። ነገሩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «የሰው ጉድለት በሌላ አፍ አይወጣም» አሉኝ። «መጀመሪያ አንቺ ከተናገርሽ፣ እኛ እውነት ነው እንላለን። ካንቺ ቀድመን ግን አንናገርም።»

ስለዚህ የምናገረው እኔ ሆንኩ። የቀበሌው ክፍል ውስጥ መታወቂያ ሊያሳድሱ የመጡ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ነበር። ምስክሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጄም ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ ደረሰች። ባትመጣ እመርጥ ነበር።

«ምንጣፉ የጎረቤቴ ነው» አልኩ። «የበላሃት ዶሮ አንድ የቀረችኝ ነበረች። የምንኖረው በልጄ ደሞዝና በእኔ ጡረታ ነው። ከወር ወር አያደርሰንም።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ወሬያቸውን አቆሙ። ሰውየው እየጻፈ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ሌላ ንብረት? ወርቅ፣ ጌጣጌጥ?»

ልጄ ፈጥና መለሰችለት። «አንድ ድሪ ብቻ አላት። እሱም ከአያቴ የወረሰችው የአንገት ጌጥ ነው፤ የሚሸጥ አይደለም።»

«የለም» አልኩ። «አራት ዓመት ሆነው። ባቲ ወስጄ ሸጬዋለሁ።»

«ምን?» አለች፣ ሰዎቹን ረስታ። «መቼ?»

«አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የታመመ ጊዜ።»

«ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለአንቺ ነው የማስቀምጠው ስትይኝ አልነበር?»

«ስልሽ ነበር።»

ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እውነት ነው። ይጻፍ» አሉ። ባለሱቁ መሬት መሬት እያየ ፈረመ። ተራው ጎረቤቴ ጋ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምንጣፉ የኔ ነው። ይኼን እመሰክራለሁ። ሌላውን እሷ ካለችው ብላዋለች።»

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስፈረማት።

እኔና ልጄ በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤት ተመለስን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አልጠየቅሽኝም።»

«እሱ ሲጠይቅሽ ግን ነገርሽው። የማታውቂው ሰው።»

ከባድ መኪና እስኪያልፍ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ፤ ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቀችኝም።

አዲሱ ደብዳቤ በማግስቱ ተጻፈ። ልጄ ፈቃድ ወስዳ ራሷ ደሴ አደረሰችው። ማኅበሩ የትምህርቱን ክፍያ እሸፍናለሁ፣ የመጓጓዣውን ራሳችሁ ቻሉ አለ። የተመዘገበችው በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። ደውላ «አለቀ፣ እማ» አለችኝ። እኔም «አልሀምዱሊላህ» አልኩ።

የከበደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቀበሌ የተናገርኩት በሰፈሩ ተሰምቷል። አንዷ ማሽላ በሳፋ አድርጋ፣ በጨርቅ ሸፍና መጣች። ሌላዋ ለልጆቹ ደብተር ላከች። ስጦታቸውን ይዘው ሲገቡ ዓይኔን አያዩም፤ እኔም አላያቸውም። መመለስ አማረኝ። ብመልሰው ግን እዚያ ቆሜ የተናገርኩትን ሐሰት ማድረግ ነው። የእነሱንም ፊርማ ሐሰት ማድረግ ነው። ስለዚህ ተቀበልኩ። አላህ ይስጥልኝ ማለትን እንደ አዲስ ተማርኩት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ገና ቦርሳዋን እያዘጋጀች ሳለ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ተማሪዋ ሄደች እንዴ?»

«ገና ናት። ግቢ።»

በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ ገባች። እንፋሎቱ አልበረደም። «ለመንገድ ነው። እዚያ የሚሸጡትን አትብላ፤ ሆድ ይነፋል» አለች። ልጄ ነርስ መሆኗን ልታስታውሳት ብላ ተወችው። ዳቦውን ተቀብዬ ከደብተሮቹ ጎን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባሁት። ሚኒባሱ እንዳያመልጣት ሦስታችንም ወደ መናኸሪያው አብረን ወጣን።