የውሃ ልክ ቀኝ ዓይን

የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተሰፋውን ሁሉ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣና ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኟ ታነጣጥርበታለች። ጠማማ ስፌት ከዚያ ዓይን አምልጦ አያውቅም። ትንሽ ትኮራበታለች፤ ትንሽ ማለቴ ለይሉኝታ ነው።

ከታናሽ እህቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሁለት የስፌት መኪና ፊት ለፊት አድርገው ሲሠሩ ኖረዋል። ሁለቱም ይሰፋሉ፤ ውሃ ልክ ደግሞ ትቆርጣለች፣ ትተኩሳለች፣ ትፈርዳለች። አንድ ቀን የአጎታቸውን ኮት የጀርባ ስፌት አነጣጠረችና ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ «ይኼ ምንድን ነው? እባብ ነው የሰፋሽው?» አለች። ታናሺቱ ፈትታ ደገመችው። «አሁንም ጠማማ ነው።» በሦስተኛው ጊዜ፣ ውሃ ልክ ራሷ ምላጭ አንሥታ እስከ ግማሹ ተረተረችው።

«እትዬ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው» አለች ታናሺቱ።

«ዓይን የለሽም በይኛ!»

ታናሺቱ ከመኪናዋ ተነሣች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በማግሥቱም አልመጣችም።

ውሃ ልክ እልህ ይዟት ስፌቱ ላይ የብረት ማስመሪያ አስጠጋች። በቀኝ ዓይኗ ስታየው ማስመሪያውም መሃሉ ላይ ጎበጠ። በግራዋ አየችው፤ ቀጥ አለ። ክው አለች።

የዓይን ሐኪሙ አገጯን መሣሪያ ላይ አስደግፎ የዓይኗን ጀርባ ፎቶ አነሣ። ምስሉ ተደራርቦ የተቆረጠ ጨርቅ ይመስላል፤ መሃሉ ግን ተበስቷል።

«ቀዳዳው ትንሽ ነው» አላት። «እንዲህ ያለው አንዳንዴ ራሱ ይደፈናል። ጥቂት ሳምንት ጠብቀን እንደገና እናነሣዋለን፤ ካልተደፈነ ኦፕራሲዮን ነው።»

እነዚያን ሳምንታት ዓይኔን ባጣስ እያለች ፈራች። ከፍርሃቱ የባሰባት ግን ከፊት ለፊቷ ዝም ያለው መኪና ነበር። ይቅርታ ልትል ስልኩን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። «ዓይኔ ይለይለትና እሄዳለሁ» ትላለች። ሰበብ መሆኑን ልቧ ያውቀዋል። አጎትየው ደግሞ በየጊዜው ብቅ እያለ «ኧረ ብርዱ አለፈ!» ብሎ ይነዘንዛታል።

በቀጠሮዋ ሐኪሙ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አሳያት። በመጀመሪያው ተራርቀው የነበሩት ጠርዞች በሁለተኛው ገጥመዋል።

«ማን ሰፋው?» አለች ሳታስበው።

ሐኪሙ ሳቀ። «ማንም። ራሱ ነው። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም። እየመጡ ይታዩ እንጂ ኦፕራሲዮኑ ቀርቷል።»

ከደስታ ብዛት ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። መንገድ ላይ ግን ሰበቧ ማለቁ ታሰባት። ሱቅ ገብታ ኮቱን ከመስቀያው አወረደች፤ ግራ ዓይኗን ጨፍና ያልተተረተረውን ግማሽ አነጣጠረች። ቀጥ ያለ ነው። እንደዚያ ያማረ ስፌት እሷ ራሷ ሰፍታ አታውቅም። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የእህቷን በር ስታንኳኳ ኮቱ ክንዷ ላይ ነበር። ታናሺቱ ከፍታ ኮቱን አየች፣ ከዚያ እሷን።

«ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር» አለች ውሃ ልክ። «ጠማማው ዓይኔ ነው፤ ተበስቶ ነበር።»

«ምን? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሐኪም ቤት ማን ይዞሽ ሄደ?»

«ማንም። ዓይኔስ ራሱ ተደፈነ። አንቺን ግን…» የተተረተረውን ስፌት ገልጣ አሳየቻት። «ይቅር በይኝ።»

ታናሺቱ ኮቱን ከእህቷ ክንድ ተቀበለችና የተተረተረውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ግቢ» አለቻት። «ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አንቺ አስገቢ። ዓይንሽን ልየው።»