ጋሼ ያልቀዘፈበት ማሽን

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። ፒያሳ ሰዓት ስሸጥ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ሊያሞኘኝ የሞከረው ብዙ ነው፤ የተሳካለት ግን የገዛ ወንድሜ ብቻ ስለሆነ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ታላቄ ጋሽ ታደሰ ደም ግፊትም ስኳርም አለበት። ሐኪሙ ካልተንቀሳቀስክ መጨረሻህ አልጋ ነው ብሎታል። ጉልበቱን ስለሚያመው ሩጫ አይሞከርም፤ የሚኖርበትን የእሪ በከንቱን ቁልቁለት ወርዶ መውጣትማ ለጤነኛም ቅጣት ነው። ስለዚህ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደ ጀልባ የሚቀዝፍበት ማሽን ልገዛለት ወሰንኩ።

መቼም ዕቃ መምረጥ እንጀራዬ ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ በየማሽኑ ላይ እየተቀመጥኩ ጎተትኩ። በንፋስ የሚሠራው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ከጎረቤት ያጣላል። ሌላው መብራት ይፈልጋል፤ የመብራታችንን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። በውሃ የሚሠራው ግን ገንዳው ከተሞላ ሌላ ነገር አይጠይቅም። በኃይል ከጎተቱት ይከብዳል፣ ቀስ ካሉት ይቀላል፤ ለታመመ ሰው እሱ ይሻላል አልኩ።

ቤቱ ወስጄ ገጣጠምኩለት። እናታችን የምትኖረው ከሱ ጋር ነው። ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ልሞላ ስል ከለከለችኝና በጄሪካን ጠበል አስመጥታ ሞላችው። ልጇ እንዲድንላት ነው፤ ማን አፍ አውጥቶ ይከለክላታል?

በሳምንቱ ስሄድ ማሽኑ ነጠላ ለብሶ ጠበቀኝ። ምነው ጋሼ፣ አልኩት።

«የንስሐ አባቴ ከልክለውኛል። ጠበል በቁምጣ ላብ እያንጠፈጠፉ አይናጥም ብለዋል።»

«እንግዲያው ደፍተን የቧንቧ እንሙላበት።»

«የት ትደፋዋለህ? ጠበል የሚደፋው እግር በማይረግጠው ቦታ ነው። እሪ በከንቱ ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ካገኘህ ንገረኝ፤ ቤት እሠራበታለሁ።»

ሳቅኩ። ደግሞ ከቄስ ጋር ምን ክርክር ያስገባኛል? ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ስድስት ወር እንዲሁ ሄደ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ግን አልተመለሱም።

የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት መጡ። ስሸኛቸው በሩ ላይ አምቄ የያዝኩት አመለጠኝ። «አባቴ፣ ያንን ማሽን ባይከለክሉት ኖሮ...» አልኳቸው።

«የምን ማሽን ነው ልጄ?»

ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳቸው። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ብትነግሩኝ ኖሮ ውሃውን አምጡልኝ፣ የሚደፋበትን እኔ አውቃለሁ እላችሁ ነበር» አሉኝ።

ጋሼ መቅዘፉን አልፈለገውም፤ በቃ። አልፈልግም ቢለኝ ደግሞ እጨቀጭቀው ነበር። ስለዚህ እኔ የማልከራከራቸውን ሰው ፈልጎ ከኋላቸው ተደበቀ።

እናታችን ይህን አታውቅም። አልጋው አጠገብ በተቀመጠች ቁጥር «እኔ ነኝ ልጄን የጣልኩት፤ ጠበሉን ባልሞላው ኖሮ ይንቀሳቀስ ነበር» እያለች ታለቅሳለች። እውነቱን እንዳልነግራት፣ አፉ የተያዘ ልጇን ውሸታም ላደርግባት ነው። ዝም እንዳልል፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ልትሞት ነው።

እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ። ጋሼ መናገር ባይችልም ይሰማል። እሷ ስታለቅስ ዓይኑን ከኔ ላይ አያነሳም። ንገራት ይበለኝ አትንገራት አላውቅም፤ እኔም ተናድጄበት አልጨረስኩም።