የሸርጣኑ ድርሻ

እናቴ ወንድሜን ከምንም በላይ የምትደበድበው ሲበላ ስታገኘው ነበር። አንድ ቀን ተደብቆ ሙዝ ሲልጥ ያዘችው፤ ልጣጩን አፉ ውስጥ ጠቅጥቃ ማማሰያው እስኪሰበር ጀርባውን ገረፈችው። አርባ ምንጭ ነው ይህ የሆነው፤ ማንጎ ከዛፉ ወድቆ በሚበሰብስበት፣ የጫሞ ዓሣ በየበሩ እየዞረ በሚሸጥበት ከተማ። ድሆች ስለሆንን አልነበረም። እንዳያድግ ነበር።

ሐሳቡን ያገኘችው ከሸርጣን ነው።

አባቴ ሰሜን ተወልዶ በወታደርነት ወደ እኛ አገር የመጣ፣ የጋሞ ደጋ ልጅ አግብቶ ሲቀላ ሰፈር ቤት የሠራ ሰው ነበር። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ተመደበ። ከዚያ ለዕረፍት የመጣው አንዴ ብቻ ነው። የሌላው ሰው አባት ሬዲዮና ልብስ ሲያመጣ የእኔው አባት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ታቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ቆርቆሮው ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ዛጎል የለበሰ አንድ ሸርጣን ነበር። ዛጎሉ የራሱ አይደለም። ይህ የሸርጣን ዓይነት ከወገቡ በታች ለስላሳ ስለሆነ የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ሲያድግ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ለዚያ ብሎ አባቴ ባዶ ዛጎሎች በካልሲ ቋጥሮ አምጥቶ ነበር።

"ዓሣ ከነአጥንቱ ስጭው" አለኝ። "የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ፣ ፍራፍሬም ጨምረሽ። ጨው ያለበት ውኃ እንዳይለየው። አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ሞተ ብለሽ እንዳትቆፍሪው፤ ቆዳውን እየቀየረ ነው። እድገቱ ዝግ ያለ ነው፣ አትቸኩይ።"

እናቴ ቆጮ እየቆረሰች ትሰማ ነበር። "ምግብ ካጣስ? ይሞታል?" አለችው።

"ቶሎ አይሞትም። ካሳነሱበት ባለበት ይቆማል እንጂ።"

ይህን አለና ወደ ጦርነቱ ተመለሰ።

ብዙ ሳይቆይ የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጥቶ አባቴ ለእናት አገሩ መሥዋዕት መሆኑን ነገረን። እናቴ ጮኸች። "ለጀግና አይለቀስም" አላት። ይበልጥ ጮኸችና እጁን ነከሰችው። በሰደፍ አፏን ሲመታት የፊት ጥርሶቿ ከነደማቸው ደረቷ ላይ ወደቁ። እኔ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ አንደኛው ታጣቂ በርግጫ ከበሩ አሻገረኝ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ልጅ ሆኜ እንጂ ያን ኃላፊ በጥርሴ በጨረስኩት ነበር።

ያ ጊዜ የወታደር አፈሳ የጠነከረበት ነበር። ሕጉ ዕድሜ ይላል፤ ግን የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ስለዚህ የእኛ ኃላፊ የራሱን መለኪያ አበጀ። አሮጌ ምንሽር ጠመንጃውን ከነሳንጃው መሬት ላይ ያቆምና የያዘውን ልጅ አጠገቡ ያስጠጋል። ከሳንጃው ጫፍ የበለጠ ይሄዳል፤ ያነሰ በጥፊ ተመትቶ ይለቀቃል። የሚሄዱትን ቀበሌው ባሸገው ጸሎት ቤታችን ውስጥ ያጉሯቸዋል፤ እኛ የዘመርንበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የጭነት መኪና ይጠብቃሉ።

እናቴ ቀብር ከሌለው ለቅሶ እንደተነሳች ወንድሜን ግድግዳ ላይ አስጠግታ በከሰል ምልክት አደረገች። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከሳንጃው ጫፍ የቀረው አራት ጣት ያህል ነው። በጥርስ አልባ አፏ "ባለህበት ቁም" አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መዳፍ የምታህል የበቆሎ ቂጣ በሽፈራው ቅጠል ብቻ ሰጠችው። ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ተከለከለ። ደጋግማ በከሰሉ ትለካዋለች፤ ምልክቱ ካልተነቃነቀ ግንባሩን ትስመዋለች።

ሸርጣኑ ግን ይበላ ነበር። የአባቴ የመጨረሻ ስጦታ ነውና እናቴ አንድ ቀን አላስራበችውም። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ዓሣ ታመጣና የእሱን ድርሻ በእጄ ትሰጠኛለች። እኔም የአባቴን ቃል አንድ በአንድ እፈጽም ነበር። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ወር ሙሉ ሲጠፋብኝ እያለቀስኩ ሳልቆፍር ጠበቅሁ። የጣለውን ቆዳ ራሱ በልቶ፣ ቀላ ብሎ ወጣ። ጥፍሩን በክር ለካሁት፤ የጤፍ ፍሬ ታህል ጨምሯል። ከዚያ ወር የሚበልጥ ደስታ በዚያ ቤት አላየሁም።

በትምህርት ቤት ወንድሜን "ድንክ" ይሉት ነበር። እሱ አይናገርም፤ እኔ ነኝ የምፋለመው። የአንዱን ልጅ ጆሮ ነክሼ ደም በደም አድርጌዋለሁ፣ ሌላውን በድንጋይ ግንባሩን ፈንክቼዋለሁ። መምህራኑ ገርፈውኝ ወደ ቤት ስገባ እናቴ ትደግመኛለች። ደጋ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ የገበያ ስለሆነ ስትናደድ እኔን ሴቷን "አንተ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ቆርቆሮው ላይ አጎንብሷል። አሸዋ የለበሰ የዓሣ ጭራ እያኘከ ነበር። ዘልዬ ፊቱን ቧጨርኩት፤ "የአባቴን ሸርጣን ልትገድለው ነው!" ብዬ ጮህኩ። እጄን ለመከላከል ክንዱን ሲያነሳ ግን አየሁት። በእኔ በታናሿ እጅ ተጨብጦ የሚያልቅ ክንድ ነበር። "ራበኝ" አለኝ። "እማዬ እንዳትሰማ፣ በጣም ራበኝ።"

ከዚያ በኋላ ለሸርጣኑ ፍርፋሪ እየጣልኩ ዓሣውን ለወንድሜ መስጠት ጀመርኩ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሞ ከነአጥንቱ ይውጠዋል። ለሸርጣኑ የበጀው አጥንትና የእንቁላል ቅርፊት ለሰውም ይበጃል ብዬ ቅርፊቱን ሳይቀር ፈጭቼ አበላሁት። እናቴ መጀመሪያ ጭራ ብቻ ትሰጠኝ ነበር፤ በኋላ አንድ ሙሉ ዓሣ ሆነ፤ ከዚያም ሁለት። የባሏ ናፍቆት ነው አልኩ። ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?

ሸርጣኑ በዓመት የጤፍ ፍሬ ታህል ነው የሚያድገው። ወንድሜ ግን በአንድ ክረምት ሱሪው አጠረበት። እናቴ ከሰሉን ይዛ ስታስጠጋው ምልክቱን አልፎ ሄዷል። ያን ቀን የደበደበችው ድብደባ ሌላ ነበር፤ እየመታችው እሷም ታለቅስ ነበር፣ "እጠር! እጠር!" እያለች። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ አፌን በእጄ ያዝኩ።

የያዙት ቅዳሜ ቀን፣ ገበያ መሃል ነው። እናቴና እኔ አብረነው ነበርን። ታጣቂዎቹ ከአራቱም መግቢያ ሲገቡ ሰው ተንጋጋ፤ የበቆሎ ማዳበሪያ ተገለበጠ፣ ሕፃናት ተረገጡ፣ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አልለቅም ብለው ጭንቅላታቸው በዱላ ተከፈተ። ወንድሜን በአንገትጌው ጎትተው ምንሽሩ ፊት አቆሙት። ጉልበቱን አጠፈ። ኃላፊው አየና ሳቀ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ከኋላ ሁለቱንም ጉልበቶቹን በሰደፍ መታቸው፤ ወደቀ። በፀጉሩ አንስተው ወደ ላይ ወጠሩት። ከሳንጃው ጫፍ ሁለት ጣት አለፈ።

ሁለት ጣት። እኔ ነኝ የጨመርኩለት።

እናቴ ሰውን ጥሳ ገባች። "ምን በላህ? ማን አበላህ?" ብላ ደረቱን ደበደበችው። ከንፈሩ እየደማ ነበር። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያም እሷን። "ሰርቄ ነው የበላሁት፣ እማዬ" አላት። ከእሷ ነጥለው ወሰዱት። በማግስቱ መኪናው በምዕራብ ዓባያ መንገድ ሲወጣ አቧራውን ብቻ ነው ያየነው።

ከዚያ ቤት ገባን። ዘነዘናውን ከሙቀጫው አነሳሁና ቆርቆሮውን ደጋግሜ መታሁት። አሸዋው ተበተነ፣ ዛጎሉ ተሰባበረ፤ ያ ለስላሳ፣ ሐምራዊ ገላ ወጥቶ ለመሸሽ ሲሞክር በእግሬ ረገጥኩት። እናቴ መጥታ ማማሰያዋን አነሳችብኝ። "ምን አደረግህ አንተ! የአባትህን!" ብላ መታችኝ።

"ግደይኝ!" አልኳት። "እኔ ነኝ ያበላሁት! ዓሣውን ሁሉ ለእሱ ነው የሰጠሁት!"

ማማሰያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መሬት ላይ፣ አሸዋው መሃል ቁጭ አለች።

"ይሄ ሚጢጢ ነገር ሁለት ዓሣ ይበላል?" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሁለት ለምን ገዛሁ? ለልጄ በራሴ እጅ መስጠት ፈራሁ እንጂ።"

ወንድሜ አልተመለሰም። ያን ቀን በዘንቢሏ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይይዙት የገዛቻቸው ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ አውጥተን ሳንበላ ጓሮ ቀበርናቸው።