ሐሙስ ሐሙስ የምትኖር እናት

የሞተችውን እናቴን አምስት ወር ያህል በሕይወት አቆይቻታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ለአንድ አንድ ሰዓት።

የምሠራው ፒያሳ፣ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ልቤ ድንገት ይደልቅና ትንፋሽ ያጥረኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልብሽ ደህና ነው አሉኝና፣ በታሸገ ፖስታ ወረቀት ሰጥተው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩኝ። ቦታው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለሙያዋ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። «ዶክተር» ስላት፣ «ዶክተር አይደለሁም፤ አንቺ በይኝ» አለችኝ። ወዲያው ወደድኳት። ወዲያውም ዋሸኋት።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከእናቴ ጋር።»

አስቤበት አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ። እናቴ ሞታለች ስትይው ሰው ሁሉ አንገቱን ሰበር ያደርግና «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከአንቺ ጋር አይደለም፣ ከሐዘንተኛ ጋር ነው። እሱ ሰልችቶኛል።

ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። አንድ ሐሙስ እናቴ በፀጉሬ ቀለም ተቆጣችኝ። ሌላ ሐሙስ ጉልበቷን አሟት ደረጃ መውረድ አቃታት። ያላየችውን ፒያሳ ሳይቀር አሳየኋት፤ አዲሱ መንገድ ዳር ቆማ «ይሄ ሁሉ መብራት ለማን ነው? ሰዉን አንስተው አምፖል ተከሉ» አለች አልኳት። ባለሙያዋ ሳቀች። «እናትሽ ቀልደኛ ናት» አለችኝ። ደስ አለኝ። እውነትም ቀልደኛ ነበረች፤ ብትኖር ኖሮ ይችን ነበር የምትላት።

አንዳንዴም አማኋት። ትጨቀጭቀኛለች፣ ማንንም አታምንም፣ ለማንም ሳትናገር እልም ትላለች እያልኩ። ባለሙያዋ እየሰማች ማስታወሻዋ ላይ ትጽፍ ነበር።

ከሐሙስ ውጪ የማወራው ሰው አልነበረኝም። የተወለድኩበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። እኔ ለሥራ እንዲቀርበኝ ብዬ እሪ በከንቱ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እዚያ ግቢ ከእኔ ጋር የሚደረገው ጨዋታ «በሩን ቆልፈሽዋል?» ነው፤ ኮፒ ቤት ያለው ደግሞ «ባለ ቀለም ነው ጥቁር ነጭ?»። ስለዚህ ውሸቴ ቢነቃብኝ የማጣው ያችን አንድ ሰዓት ነው፤ ከእሷ ጋር ደግሞ እናቴን።

በአምስተኛው ወር ባለሙያዋ «እናትሽን አንድ ቀን ይዘሻት ብትመጪስ?» አለችኝ።

«ታፍራለች።»

«እስቲ ጠይቂያት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቷን ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ባለው ማኅበር አለባት አልኩ። በሦስተኛው «ለሐሙስ ሁለታችሁንም እጠብቃለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

ሁለት መንገድ ታየኝ። አንደኛው በዚህ ሳምንት ሞተች ማለት ነው፤ እሱን አልቻልኩም፣ አንዴ ሞታብኛለች ይበቃኛል። ሁለተኛው እናት መፈለግ ነው። እሁድ ዕለት ሁለት ታክሲ ቀይሬ የድሮ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር የኖሩ፣ እትዬ እያልኩ ያደግኩባቸው ሴት ናቸው። ጉዳዩን ሳስረዳቸው እጃቸው ላይ ያለውን ሽንኩርት አስቀመጡት።

«ምን ልሁንልሽ?»

«እናቴን። ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

«እሱን ለማወቅ አይደል የምሄደው፣ እትዬ።»

«ወግጂ! በሟች ወንበር ቁጭ ብዬ ልዋሽ? ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገረው?»

«ያኔስ ምን ብለው ተናገሩት?»

ያኔ የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና የወሰድነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን፣ እዚያው እያደርን ነው። ስልክ ክልክል ነበር። እኔ በተፈተንኩ በሁለተኛው ቀን እናቴ ወድቃ በዚያው ቀረች። ሰፈሩ መከረና ልጅቷ ፈተናዋ ይበላሽባታል ብሎ ሳይነግረኝ ቀበራት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስመለስ በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ነበሩ። «እናትሽ ፀበል ሄዳለች» አሉኝ። እራት አቀረቡልኝ፤ ጎረቤቱ ገባ ወጣ ይላል። እኔ ታዲያ እየበላሁ እናቴን አማሁ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ልጇ ከፈተና የምትመጣበትን ቀን ሳትጠብቅ የምትሄድ አልኩ። አንድም ሰው ዝም በይ አላለኝም። «እውነትሽን ነው» ያለኝ ሁሉ አለ። ንጋት ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አረዱኝ።

«ለፈተናሽ ብለን እኮ ነው» አሉ እትዬ፣ ሽንኩርቱን መልሰው እያነሱ።

«ወደቅኩ እኮ፣ እትዬ።»

«እሱማ… እኛ ምን እናውቃለን።» ትንሽ ቆዩና «ሂጂ እውነቱን ንገሪያት። ባዳ ናት፤ ለባዳ መናገር ይቀላል» አሉኝ። ሲሸኙኝ ደረጃው ድረስ እጄን አልለቀቁም።

ሐሙስ ብቻዬን ገባሁ። ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር አየሁ። ሁለት ሰው ቀጥራ የነበረችው ሴት ያዘጋጀችው አንድ ወንበር ነበር፤ የእኔኑ። ቢሆንም እየተጣደፍኩ ስለነበር አላሰብኩበትም።

«እናቴ አትመጣም። ሞታለች። አሁን አይደለም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አልኳት ባንድ ትንፋሽ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ጤና ጣቢያው የላከልኝ ወረቀት ላይ አለ።»

እዚያ ላየችኝ ነርስ የነገርኳት እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ረስቼዋለሁ። ሸወድኳት ስል የነበርኩት ሴት ለካ ገና ከጠዋቱ ነቄ ናት።

«ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ሙድ ስትይዢብኝ ነበር?»

«አይደለም።»

«እናትሽ ቀልደኛ ናት ስትይኝስ? አምጫት ስትይኝስ? የት ሄጄ ነው የማመጣት?»

«በራስሽ ጊዜ እንድትነግሪኝ ፈልጌ ነበር። ሲዘገይ ደግሞ ገፋሁሽ። አምጫት ማለቴ ስህተት ነበር።»

«ለእኔ ብለሽ ነዋ።»

«አዎ።»

«እነሱም ለእኔ ብለው ነበር።»

ከዚያ ስለ ፀበሉና ስለ እራቱ ነገርኳት። ማስታወሻዋን ዘግታ ሰማችኝ። «አንቺም እንደነሱ ቁጭ ብለሽ የሞተች እናቴን አሳማሽኝ» አልኳት። መቼም ቀድሜ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያን አልካድኩም። እሷ ግን «አንቺም ዋሽተሽኛል» አላለችም። «ይቅርታ» ብቻ አለች። ሰዓቴ ሳይሞላ ወጣሁ።

ሁለት ሐሙስ ቀረሁ። በሰዓቱ ቸርችልን እስከ ታች ወርጄ መልሼ ወጣሁት፤ ለአንድ ሰው እንኳን ቃል አልተነፈስኩም። በሦስተኛው ተመለስኩ። ይቅር ብያት እንዳይመስላችሁ፤ የምሄድበት ሌላ ቦታ ስላልነበረኝ ነው።

በር ላይ እንደቆምኩ «ስለ እኔ የምታውቂውን ነገር፣ ባወቅሽበት ቀን ንገሪኝ። ለእኔ ብለሽ አታቆዪው» አልኳት።

«እሺ። እሞክራለሁ፤ የምሳሳትበት ቀንም ይኖራል።»

እሺ ብቻ ብትል ኖሮ አላምናትም ነበር።

እውነት ተነጋገርን፣ ቀለለኝ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ሐሙስ አሁን ይከብዳል። ድሮ እናቴ ትሞላው የነበረው ሰዓት ባዶውን ተገተረ። ብዙ ጊዜ የምለው አጣለሁ፤ ከታች የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ይሰማል። ያለፈው ሐሙስ እሱኑ ስሰማ ቆየሁ።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አለችኝ።

«ቤት የሚጠብቀኝ ሰው እንደሌለ።»

አይዞሽ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰው አታጪም፣ ገና ልጅ ነሽ፣ እግዚአብሔር አለ ትላለች ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር።

«አዎ፣ የለም» አለች።

እዚያ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ከወንበሯ አልተነሳችም። ሶፍቱን ራሴ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።