ወሸባ ያስገባችኝ ሴት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር መጨረሻ፣ በሴሚስተር እረፍት ላይ ነው። አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል። የማይረሳኝ ስለተጣላሁ ወይም ስለተጎዳሁ አይደለም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀንቼ ስለማላውቅ ነው። ያስቀናችኝ ሴት ደግሞ ያን ሰዓት ጀርባዬን እያሸችኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ፍኖተ ሰላም ተመድቤ ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ የትምህርት ቤታችን የልጃገረዶች ክበብ ሰብሳቢ ሆንኩ። የክበቡ ዋና ሥራ ያለዕድሜ ጋብቻን መከላከል ነበር። ዘወትር ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ያለዕድሜ ጋብቻ የሚያመጣቸውን አምስት ጉዳቶች እዘረዝር ነበር። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ አንዱን ብዘል ያስታውሱኛል።

ይበልጣል እዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነው። እንጋባ ሲለኝ ወዲያው እሺ አላልኩትም። አሥራ አንድ ጥያቄዎች በደብተር ጽፌ አቀረብኩለት። አራተኛው ጥያቄ "ከእኔ በፊት ትዳር ወይም እጮኛ ነበረህ?" የሚል ነበር። "አልነበረኝም" አለ። ምልክት አደረግኩበት። የደም ምርመራም አብረን አደረግን። ሽማግሌ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ አባቴን አስፈቀደ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የቀረው እናቱን መተዋወቅ ብቻ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ሄድን። ከቡሬ እናቱ ዘንድ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በርበሬ የሚደርቅበት ወቅት ስለነበር በየደጁ ቀይ ምንጣፍ የተዘረጋ ይመስላል። እኔ መንገዱን ሁሉ ሳስነጥስ፣ እሱ ሲስቅብኝ ደረስን።

እናቱ ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ። ደጃፍ ወጥተው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። "እንግዳዬ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ምሳ ሊቀርብ ሲል አንዲት ሴት ሳታንኳኳ ገባች። እንግዳ ነኝ ሳትል በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፈች። ጨው የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ማሰሮ አፉ እንደተሸረፈ ታውቃለች። ወይዘሮ አለሚቱ "ልጄ፣ ውሃ አስታጥቢያቸው" አሏት። እህቱ መስላኝ ነበር፤ ግን እህት እንደሌለው በሰባተኛው ጥያቄ ላይ ተናግሯል።

"ትርንጎ ትባላለች። ጎረቤት ናት፤ አብረን ነው ያደግነው" አለኝ ይበልጣል። ከዚያ በሬዎቹን ልይ ብሎ ወጣ።

ሲመለስ ምሳ ቀረበ። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ሽሮና የድንች ወጥ ነበር። ትርንጎ ድንቹን በእኔና በእናቱ በኩል አድርጋ፣ ከይበልጣል ፊት ሽሮ ብቻ ጨለፈችለት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ድንች እንደማይወድ ነገረችኝ። እኔ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ድንች ሠርቼ አብልቼዋለሁ። ጠርጎ ነበር የሚበላልኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ሽሮውን ያያል።

መቅናት የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። የምቀናበት ምክንያት እንደሌለ ለራሴ አስረዳሁ። ጎረቤት ናት፣ አብረው አድገዋል፣ አብሮ ያደገ ሰው የምግብ ምርጫ ያውቃል። ማስረዳቱ ምንም አልሠራልኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አለሚቱ፣ መንገድ ደክሞሻልና ትርንጎ ወሸባ ታስገባሽ አሉኝ። ለማታውቁት ልግለጽ። ወሸባ የባህል የእንፋሎት መታጠቢያ ነው። ቅጠላ ቅጠል በማሰሮ ይፈላል፤ ሰው ማሰሮው አጠገብ ተቀምጦ እስከ አንገቱ በወፍራም ልብስ ይሸፈናል፤ ያልበዋል፤ ከዚያ ይታሻል፤ ቅቤ ይቀባል። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ቱርኮች የእንፋሎት መታጠቢያ አንብቤ ነበር። የእነሱ ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ጉልላት ነው። ያኛውንማ ለማየት ብዙ አገር ማቋረጥ ይጠይቃል፤ የሣር ጣሪያ ያለው ደግሞ እደጄ ነበር። ማየት እፈልጋለሁ አልኩ።

ይበልጣል ፊቱ ተለዋወጠ። "እማ፣ እሷ አልለመደችውም፤ ይቅርባት" አለ።

"አንተ እስከ ዛሬ ዝም ብለህ የለም? አሁንም ዝም በል" አሉት። ከዚያ ሂድና በርበሬውን ገልብጥ ብለው አስወጡት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።

የወሸባው ጎጆ ከጓሮ ነው፤ ትንሽና ጨለም ያለ። መሐሉ ላይ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ አፉን የከፈተ ማሰሮ። ትርንጎ ልብሴን ተቀብላ በሩ አጠገብ ሰቀለችው። ዱካ ላይ አስቀምጣ ከባድ የሱፍ ባና ከአንገቴ ጀምሮ አለበሰችኝ። ባሕር ዛፉንና ዳማከሴውን በሽታቸው ለየሁ። ሌሎቹን ቅጠሎች ብጠይቃት ቅጠል ናቸው ብቻ አለችኝ። ከዚያ የጋለ ድንጋይ በመቆንጠጫ እያነሳች ማሰሮው ውስጥ ጣለች። ውሃው ጮኸ። እንፋሎቱ ከእግሬ ተነስቶ ባናውን ሞላው።

ራቁቴን በማላውቃት ሴት ፊት መቀመጤ አሳፈረኝ። ሳፍር ደግሞ አስረዳለሁ፤ ጠባዬ ነው። ሙቀት የቆዳን ቀዳዳዎች እንዴት እንደሚከፍት ነገርኳት። "እሽ" አለች። የደም ሥሮች እንዴት እንደሚሰፉ ነገርኳት። "እሽ። እግርሽን ሰብሰብ አርጊ" አለች።

ዕድሜዋን ጠየቅኳት። ሃያ አራት። እኩያዬ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። መቼ ተዳርሽ አልኳት።

"መንግሥት የተለወጠ ሰሞን። ስምንት ዓመቴ ነው።"

ከዚህ በኋላ ማን ያስቁመኝ። አምስቱን ጉዳቶች ጀመርኩላት። አንደኛውን ለመቁጠር አንድ ጣቴን ከባናው አወጣሁ። ብርድ እንዳይመታኝ መልሳ አስገባችው። ሁለተኛው ላይ ሁለት ጣት አወጣሁ፤ መልሳ አስገባች። አምስተኛው ላይ ስደርስ እጄን ከነባናው ይዛው ነበር። ወላጆችሽ ባለማወቅ ነው፣ ያገባሽ ሰውዬ ግን በሕግ መጠየቅ ነበረበት ብዬ ደመደምኩ።

ሳቀች። "ሰውየ? አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው እኮ። የሠርጉ ለት በቅሎ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ነው ያመጡት።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ደጅ ነዋ። በርበሬ እየገለበጠ።"

ደጅ በርበሬ የሚገለብጠው ይበልጣል ብቻ ነበር። ሲያስለው ከግድግዳው ማዶ ይሰማኛል።

ብድግ አልኩ። ትከሻዬን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። "እንዲህ አልቦሽ ብትወጭ ምች ይመታሻል። ቁጣሽን እዚሁ ተቆጭ፤ ላብሽ ሲደርቅ ትሄጃለሽ።" እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ምች የሚነገረውን አትመኑ ብዬ አስተምራለሁ። ግን ልብሴ በእሷ በኩል ነው፣ እጇም ከእኔ ይበረታል። ተቀመጥኩ። ላቤ እስኪደርቅ ልሰማት ግድ ሆነ።

ሰባት ዓመት እዚያ ቤት ኖራለች። ሁለቱም ሕፃናት ስለነበሩ ወይዘሮ አለሚቱ መሐል ገብተው ያስተኟቸው ነበር። እንደ እህትና ወንድም ነበርን አለችኝ። እሱ ቡሬ ትምህርት ሲገባ ስንቁን የምታደርስለት እሷ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዳቦና በሶ አዝላ፣ እኔ በሚያስነጥሰኝ በዚያው መንገድ። እሱ መዳረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የተማረውን ፊደል በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈ ያስቆጥራታል። ስሟን መጻፍ የምትችለው ከዚያ የተነሳ ነው። ኮሌጅ ሲገባ ሽማግሌ ተቀምጦ አለያያቸው። እሷም ቆይታ ሌላ አገባች።

"አለቀስሽ?" አልኳት። ይህን ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ለእማ አለቀስሁ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እሱ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ አላየሁትም።"

ከዚያ ልታጫውተኝ ሞከረች። "አይዞሽ፣ ባልሽን አልፈልገውም። የኔው ይሻላል፤ ያቀረቡለትን ይበላል።"

አልሳቅኩም። ብትፈልገው ይሻለኝ ነበር። የምትፈልገው ቢሆን እጣላት ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጣላም አውቃለሁ። እሷ ግን ትታዋለች፤ ደግሞ ሁሉም ነገር በእጇ ነው። ልጅነቱ እሷ ጋ ነው። እናቱ የእሷ እናት ናቸው። መጀመሪያ ያስተማረው እሷን ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር እሷ የእኔ ባል ሚስት ነበረች።

ባናውን ገለጠችና ጀርባዬን በሞቀ ጨርቅ ማሸት ጀመረች። "ንዴትሽ ሁሉ ትከሻሽ ላይ ወጥቷል" አለችኝ። እጇ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ለምን ነገርሽኝ አልኳት። ያዘዟት ወይዘሮ አለሚቱ መሆናቸውን ነገረችኝ። ልጄ አፉ ተይዟል፣ ይህች ልጅ ሳታውቅ እንዳትገባ አንቺ ንገሪያት ብለዋት ነው።

ለብሼ ስወጣ ይበልጣል በርበሬው መሐል ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ አላወቅኩም። ለምን ዋሸኸኝ አልኩት።

"ሰኞ ሰኞ እሰማሻለሁ" አለኝ። "ጨካኝ ትያለሽ፣ ኋላ ቀር ትያለሽ። ተማሪው ያጨበጭባል። በየትኛው ሰኞ ልንገርሽ?"

"ድንቹንስ ለምን ትበላ ነበር?" አልኩት።

"አንቺ ስለሠራሽው።"

በዚያው ቀን ብቻዬን ተመለስኩ። ሠርጉን ልተወው ወስኜ ነበር። ለአባቴ ግን መደወል አልቻልኩም፤ ስልኩን አነሳና አስቀምጣለሁ። ውሸቱን ይቅር ማለት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ያስቸገረኝ ቅናቱ ነበር። እንግዲህ የስምንት ዓመት ልጅ ላይ እንዴት ይቀናል? የተበደለችው እሷ ናት፤ እኔው ራሴ በየሰኞው ስለ እሷ ነበር የምናገረው። እንደዚያ እያልኩ ለራሴ አስረዳለሁ፤ ተመልሼ እቀናለሁ።

ሦስት ሳምንት ሳላናግረው ቆየሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኩት። የምታገባኝ ከሆነ ክበቡ ፊት ቆመህ ራስህ ተናገር አልኩት። እምቢ አለ። ሁለት ሳምንት አሰበበት። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ።

አርባ የሚሆኑ ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። እሱ ጠመኔ እንደያዘ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ በቅሎ ላይ እንቅልፍ እንደወሰደው ሲናገር ልጆቹ ሳቁ። ማፈሩንም ተናገረ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ልጅቷስ?" አለችው።

"ስንቅ ታመጣልኝ ነበር" አለ። "ያን ሁሉ መንገድ በጀርባዋ አዝላው፣ ዳቦው ሲደርሰኝ ሙቀቱ አይለቅም ነበር።" ወደ ሰሌዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየነው። ልጆቹም አለቀሱ። ያን ዓመት አምስቱን ጉዳቶች ከዘረዘርኩባቸው ሰኞዎች ሁሉ ያቺ ሐሙስ ትበልጥ ነበር።

እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ለእኔ አልቅሶ አያውቅም ብዬ አሰብኩ።

ተጋባን። ትርንጎ ከባሏ ጋር ለሠርጋችን መጥታ ከሁሉ በላይ ጨፈረች። አሁን ወይዘሮ አለሚቱ እኔንም ልጄ ይሉኛል። ሁለታችንም ባለንበት ሲጣሩ ግን ማንን ቀድመው እንደሚጠሩ ልብ እላለሁ። ትርንጎን እወዳታለሁ፤ ክፉ ነገር አስቤባት አላውቅም። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። በጊዜ ይለቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደማይለቅ ዘንድሮ ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ቅናት ያለባት አንባቢ ካለች ብቻዋን አይደለችም።

የዚያን ሐሙስ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬም የክበቡ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ስብሰባው የተጀመረበት ሰዓት፣ የተናጋሪው ስም፣ የተጠየቀው ጥያቄ፣ ሁሉም በሥርዓት ተጽፏል። ማልቀሱን አልጻፍኩም። እንደ ሰብሳቢ መጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ እንደገና ቢሆንም አልጽፈውም።