ለእንጦጦ መንገድ የመረጥኩት ካልሲ

ሰው ካልሲ ሲመርጥ ያለቅሳል? እኔ አልቅሻለሁ። ዊንጌት አካባቢ፣ መሬት ላይ በተዘረጋ የሳልባጅ ክምር ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ ጓደኛው የጠፋ አንድ ወፍራም ካልሲ በእጄ ይዤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሻጩ የታመምኩ መስሎት "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለኝ። አባባ! ጸጉሬ እንኳን ገና በወጉ አልሸበተም።

ያስለቀሰኝ ወንድሜ ነው። ታላቅ ወንድሜ እንደኔው ስኳር አለበት፣ ካልሲ የሚያስፈልገው ግን ለአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሌላው ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ደሴ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል፤ ልጠይቀው ስሄድ ዓይኔ የተጣጠፈው ሱሪው ላይ እያረፈ አስቸገረኝ። የሱም ነገር የጀመረው በትንሽ ቁስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ሁሉ አንድ ሆነ። ያ አላህ፣ ሌላ አልልህም፣ እግሬን ብቻ ተውልኝ።

ሐኪሟ ሁለት ነገር አዝዛኛለች። "በየቀኑ ይራመዱ። እግርዎን ደግሞ በየቀኑ ይዩ።" ዕድሜዬን ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው መራመዱን ያዝኩና ማየቱን ለሚስቴ ተውኩላት። እሷም ለሶላት ውዱእ ሳደርግ አጠገቤ ትቆማለች። እግሬን ታጥቤ ስጨርስ እያገላበጠች ታያለች፣ በየጣቶቼ መሃል ፎጣ እያስገባች ታደርቃለች። "ዘርጋው እንጂ! ምን ታኮማትረዋለህ?" እያለች ትቆጣኛለች። በቀን አምስቴ እንዲህ የምታይልኝ ሚስት እያለችኝ ምን እሆናለሁ?

እኔ ግን ሰለቸኝ። ከቤታችን በተያያዘው ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ካልሲ ማውለቅ፣ መታጠብ፣ ማድረቅ። ቸኩዬ ሳላደርቅ የለበስኩ ቀን ካልሲው እላዬ ላይ ረጥቦ ይውላል። እሱም አይበረክትም። ሲያዩት ረጅም ብቻ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው አውራ ጣቴ ብቅ ብሎ ሰላም ይላል። ታዲያ አንድ ቀን ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ወፍራም፣ መንገድ የሚያስሄድ ካልሲ እግር ታጥቦ፣ በውዱእ ከተለበሰ፣ እስከ አንድ ቀንና ሌሊት ድረስ ማውለቅ ግድ አይደለም፤ በእርጥብ እጅ ላዩን ማበስ ይበቃል። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም! እግሬ ከውሃ ይገላገላል፣ ሚስቴ ከፎጣ ትገላገላለች፣ እኔም እንደልቤ እራመዳለሁ።

እናም እንባዬን ጠርጌ ክምሩን በረበርኩ። ካልሲውን በሁለት እጄ እወጥራለሁ፣ ጡጫዬን ተረከዙ ውስጥ እከታለሁ፣ ወደ ፀሐይ አንስቼ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አያለሁ። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ የፈረንጅ ተራራ መውጫ፣ ተረከዙና ጣቱ ድርብ የሆነ ጥንድ አገኘሁ። ወላሂ፣ ቦት ጫማ በለው! ቤት ስደርስ ሚስቴ በጣቷ ቆንጥራ አየችውና "ጥሩ ነው። እግርህንስ መቼ ላየው ነው?" አለች። "ጠዋት ስቀይር ታይዋለሽ" አልኳት። ጠዋት ግን እሷን ሳልቀሰቅስ ለሱብሂ ሶላት እነሳለሁ፤ ታጥቤ፣ እንደነገሩ አብሼ፣ መልሼ አጠልቀዋለሁ። የት ታየዋለች?

ቀጥሎ መንገድ መሪ ያስፈልገኝ ነበር። ልጄ ስልኬ ላይ ካርታ ጭናልኝ ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ጫካ ወጣሁ። ካርታው "ቀጥ በል" እያለ ወስዶ ከሽቦ አጥር ጋር አላተመኝ። ስለዚህ ጎረቤቴን ለመንኩት። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ጴንጤ ነው፤ ጫካ ውስጥ ለመጸለይ ተራራውን ሲወጣ ስለኖረ የማያውቀው አቋራጭ የለም። "ለጸሎት ብቻ ነው የምወጣው፤ አንተም ልትጸልይ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። "እኔማ እግሬን ልለምን ነው" አልኩት። ሳቁን አቆመና በማግስቱ ማለዳ በሬን አንኳኳ።

እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ትተን በባህር ዛፉ መሃል አዟዙሮ ወሰደኝ። መንገዱ ላይ የባህር ዛፍ ፍሬ እንደ ጠጠር ፈሷል። ጎረቤቴ በየመሃሉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ ጫማውን ያራግፋል፣ እግሩን ያሻል። "አንተ አልገባብህም እንዴ?" አለኝ።

"በዚህ ካልሲ? ምንም አይሰማኝም!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

"ታድለህ" አለኝ። ደስ አለኝ። ከወንድሜ ዕጣ የተረፍኩ መሰለኝ፣ እንዲያውም ቁልቁለቱን እየቀደምኩት ወረድኩ። ሱቅ ገብቼ ዋልኩ። በካልሲዬ ላይ እያበስኩ ሰገድኩ፣ ብርዱ ስለከበደም እንደለበስኩት ተኛሁ።

በማግስቱ ለሱብሂ ላወልቀው ስል የቀኙ አልወልቅ አለ። ሳብኩት። እምቢ አለ። ሚስቴን ቀሰቀስኳት። መብራት አበራች፣ በለብታ ውሃ አርሳ ቀስ እያለች ገፈፈችው። አንድ የባህር ዛፍ ፍሬ መሬት ላይ ጠብ አለች። ውስጥ እግሬ ላይ ፍሬዋን የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶ ዙሪያው ጠቁሯል።

"ያ ረቢ!" አለችና አፏን ያዘች። ከዚያ ደረቴን ትደበድበኝ ጀመር። "አላመመህም? ቀንና ሌሊት ስትረግጠው አላመመህም? አመመኝ በለኝ! እባክህ አመመኝ በለኝ!" ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለካ ይህ ነው።

ሆስፒታል ገባን። ቁስሉን አጠቡት፣ ምን ያህል እንደጠለቀ በራጅ አዩት። "ጣቶቹን ለማዳን እንሞክራለን" አሉን፤ ከዚያ በላይ ቃል የገባልን የለም። ነርሷ መጣችና ቀጭን፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ያለ ክር አሳየችኝ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ። ይህን እግርዎ ላይ ሳስነካ 'አዎ' ይበሉኝ። ስሜቱ እስከ የት እንዳለ እናያለን።"

ሚስቴ ከራስጌዬ ቆማ ትከሻዬን ጨብጣለች። ጥፍሯ ሲወጋኝ ይሰማኛል፤ ዱዓ ስታደርግም እሰማታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ያለ የሌለ ሐሳቤን ወደ እግሬ ላክሁት። ምንም። የሚስቴ ዱዓ እየፈጠነ ሄደ፣ ድምፅዋ ወደ ለቅሶ ሲያደላ ልቤ አልቻለም።

"አዎ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ሚስቴ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ።

"አዎ" አልኩ ደግሜ። "አዎ፣ እዚያ ጋ።"

"አባቴ" አለችኝ ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ገና አልጀመርኩም እኮ።"

የሚስቴ እጅ አንገቴ ላይ ቀረ። ዓይኔን መግለጥ ፈራሁ።