ምት ወይስ ስሕተት

ኤርሜሊንዳ ባልቶዳኖ በቺናንዴጋ ከተማ ስታዲየም የቤዝቦል ጨዋታ መዝጋቢ በነበረችበት ጊዜ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የተጫዋቾችን ስም በድምፅ ማጉያ እጠራ ነበር። በአዘቦት ቀን ልብስ ሰፊ ናት። እሑድ ግን ቃሏ ሕግ ነው። መቺው ሮጦ ቤዝ የሚባለው ማረፊያ ላይ የደረሰው በራሱ ጉብዝና ከሆነ «ምት»፣ ተከላካዩ ኳሷን አበላሽቶ ከሆነ «ስሕተት» ብላ የምትፈርደው እሷ ናት። ደጋፊ ቢሰድባት፣ አሠልጣኝ ቢለማመጣት ንቅንቅ አትልም።

ያን እሑድ ለእኛ ቡድን ኳስ የሚወረውረው ኤቫሪስቶ ኳድራ ነበር። አርባ ሊሞላው ነው፤ ትከሻው አልቋል፤ ሚስቱም «ዘንድሮ የመጨረሻህ ነው» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ያ ሰውዬ ታዲያ አንድም ምት ሳይመታበት ከዘጠኙ ዙር ስምንተኛው ላይ ደረሰ፤ የተከላካይ ስሕተት በእሱ አይቆጠርበትም። እንዲህ ሆኖ ጨዋታ የሚጨርስ ወርዋሪ በዕድሜ ልኩ አንዴ ቢቀናው ነው። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። የተጠበሰ ሙዝ ሻጮች እንኳ መጣራት ተዉ።

ከዚያ አንዲት ደካማ ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ተከላካያችን ወደ ኖርቪን መጣች። ኖርቪን የኤርሜሊንዳ የክርስትና ልጅ ነው፤ ያን ቀን ከአሜሪካ የመጣ የተጫዋቾች መልማይ እሱን ለማየት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኳሷ ከጓንቱ አፈትልካ በእግሮቹ መሃል አለፈች። መቺው ቤዙን ረገጠ።

አገሩ ሁሉ አንገቱን ወደ እኛ አዞረ።

«ስሕተት ልበል?» አልኳት ማጉያውን ዘግቼ።

ዓይኗ መልማዩ ላይ ነበር። «ምት» አለች።

«እትዬ፣ ይቺንማ አያቴም ትይዛታለች!»

«ምት አልኩህ። ጥራ!»

ጠራሁ። ስታዲየሙ በፉጨት ተናጋ። «መነጽር ግዙላት!» «ሂጂ ቀሚስሽን ስፊ!» ኤቫሪስቶ ቀና ብሎ አየንና ኮፍያውን አስተካክሎ መወርወሩን ቀጠለ። ሌላ ምት ሳይመታበት አንድ ለዜሮ አሸነፍን።

እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ፍርዷን መለወጥ ትችል ነበር። ጠዋት ሱሪ ላሳጥር ቤቷ ተቀምጬ ሳለ ኖርቪን መጣ።

«እማ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። ጻፊው።»

«ሰውዬው ዛሬ ያነጋግርሃል አይደል? አርፈህ ተቀመጥ።»

«የኤቫሪስቶን ዓይን እንዴት ብዬ ልየው?»

«እኔ አየዋለሁ። ሂድ አሁን።»

ልጁ ሲወጣ ሱሪዬን መልሳ መላልሳ ትሰፋና ትፈታ ጀመር። ለሊጉ ልትደውል ስልኩን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች። እንዲህ እንዳለች መሸ፤ ጊዜው አለፈ።

በነጋታው ኖርቪን መፈረሙን ሊነግራት መጣ። ስለዚያች ኳስ ኖርቪን ራሱ አንሥቶለት ኖሮ መልማዩ «መዝጋቢ የጻፈው ለእኔ ምኔም አይደለም፤ ስታመልጥህ አይቻለሁ። ይስተካከላል» ብሎታል። ኤርሜሊንዳ ይህን ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የሰውን ክብር የቀማችው በከንቱ ነበር።

ኤቫሪስቶ በአዘቦት ቀን ጎማ ጠጋኝ ነው። «አብረኸኝ ና፤ ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ» ስላለችኝ ወዲያው ተከተልኳት።

«ስለ ኳሷ ከሆነ አይጨነቁ፣ እትዬ» አለ ገና ሲያያት። «ልጁ ላይ ክፉኛ ነጥራበት ይሆናል። እርስዎ ምት ካሉ ምት ነው።»

«አልነጠረችም። ስሕተት ነበር። ለልጄ ብዬ እያወቅሁ ዋሸሁ።»

መፍቻው እጁ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ያለ አንድ ምት መጨረሱን አሳክቼው ነበር ማለት ነው?»

«አሳክተኸው ነበር።»

«ሮሳልባ!» ብሎ ሚስቱን ከጓሮ ጠራ። «ነይ፣ እትዬ የሚሉትን ስሚ! ይድገሙላት እስቲ።» ፊቱ በርቶ ነበር።

ደገመችላት። ሮሳልባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ትናንትና የት ነበሩ?»



ኤርሜሊንዳ ለሊጉ ጻፈች፤ ጊዜው አልፏል፣ አይነካም አሏት። በዚያው ወር የመዝጋቢነት ሥራዋን ተወች። ኤቫሪስቶ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኛት ቆሞ ሰላም ይላታል። ሮሳልባ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

«እሱ ይቅር ብሎኛል» አለችኝ አንድ ቀን ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባች። «ልክ ግን እሷ ናት።»